«ፍርፋሪ» እና ተከታዩ፦ የሁለት የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች ንጽጽር

ስለ ወደፊቱ ዘመን የሚተርክ ኪነ ጥበብ ትንቢቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም ተብሎ አይመዘንም። የሚመዘነው፣ ገና ባልመጣው ዘመን መጋረጃ ላይ ዛሬ ያለውን ኅብረተሰብ፣ የሥራውን ሁኔታ፣ የንብረቱን ክፍፍል፣ ፍርሃቱንና ተስፋውን ምን ያህል አጥርቶ እንዳሳየ ነው። የሳይንስ ልቦለድ ፊልም በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ቀልሎ ይገኛል፤ ተኩሱ፣ ፍንዳታውና ሩጫው ሐሳቡን ይውጠዋልና። ተከታይ ፊልም ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የመጀመሪያው ፊልም ገበያ ያገኘ እንደሆነ ተከታዩ ያንኑ ወጥ በሰፊ ድስት ይሠራዋል፤ መጠኑ ይበዛል፣ ጣዕሙ ግን ይሳሳል።

ከኢትዮጵያ ምድርና ከኢትዮጵያውያን ተዋንያን ጋር የተያያዙ ሁለት የሳይንስ ልቦለድ ፊልሞች በዚህ ረገድ ሰፊ ውይይት ይገባቸዋል። ሁለቱንም ያዘጋጀው እስፓኛዊው ሚጌል ያንሶ ነው። የመጀመሪያው በ2015 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የፊልሞቹ ዓመታት የተሰጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሆላንድ አገር በሮተርዳም የፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው «ክረምብስ» ሲሆን፣ ትርጉሙም «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ሁለተኛው በ2019 የወጣውና ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኢየሱስ ወደ አውራ ጎዳናው የሚወስደውን መንገድ ያሳይሃል» የሚል ትርጉም የሚሰጠው ፊልም ነው። በሁለቱም ውስጥ ዋናውን ገፀ ባሕርይ የሚጫወተው ኢትዮጵያዊው ተዋናይ ዳንኤል ታደሰ ነው።

እርግጥ ሁለተኛው ፊልም የመጀመሪያው ታሪክ ከቆመበት አይቀጥልም። በዚህ ጠባብ ትርጉም ከሄድን ተከታይ ሊባል አይችልም። ይሁንና አዘጋጁ አንድ፣ ዋናው ተዋናይ አንድ፣ የአሮጌ ዕቃና የአሮጌ ዝና ፍርስራሽን ለወደፊቱ ዘመን መገንቢያ የማድረጉ ዘዴም አንድ ነው። የመጀመሪያው በፍቅርና በጉዞ ላይ የቆመ ዝግ ያለ ፊልም ሲሆን ሁለተኛው ወደ ስለላ፣ ወደ ጠብና ወደ ሩጫ ዞሯል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ «ምን ተጨመረ? ምንስ ጠፋ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የተከታይ ፊልም ሚዛን

ከዚህ በፊት ግን መመዘኛውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከተሞች ቪዲዮ ቤቶች በተስፋፉበት ዘመን የወጣቱን ዓይን ከሳቡት የውጭ ፊልሞች መካከል «ተርሚኔተር» አንዱ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በጄምስ ካሜሮን አዘጋጅነት በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ፊልም የሰው መልክ ያለው መኪና ሴትዮዋን ለመግደል ከወደፊቱ ዘመን እንደተላከ ይተርካል። በ1991 የወጣው ሁለተኛው ፊልም ከመጀመሪያው ጋር በማይወዳደር ገንዘብ ተሠርቷል። ነገር ግን ዋጋውን ያገኘው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ገዳይ የነበረው መኪና በሁለተኛው ጠባቂ ሆኖ መጣ። በዚህ አንድ ለውጥ ጥያቄው ራሱ ተለወጠ፤ «ከመኪና እንዴት ይመለጣል?» የሚለው «መኪናን ለበጎ ወይም ለክፉ የሚያውለው ማን ነው?» ወደሚል ከፍ አለ።

ሌላው ምሳሌ አውስትራሊያዊው ጆርጅ ሚለር ያዘጋጃቸው የ«ማድ ማክስ» ፊልሞች ናቸው። በ1979 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ሕግና ፖሊስ ገና አልፈረሱም፤ በመፍረስ ላይ ናቸው። በ1981 በወጣው ሁለተኛው ሰዎች የሚጋደሉት ለነዳጅ ነው። በ1985 በወጣው ሦስተኛው ዕቃ በዕቃ የሚለወጥበት ከተማ ቆሟል። ከ30 ዓመት በኋላ በ2015 የወጣው አራተኛው ደግሞ ውሃን በቁጥጥሩ ሥር ያዋለ ገዥ ሕዝቡን እንዴት እንደሚያንበረክክ ያሳያል። እንግዲህ በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ መኪናው ይሮጣል፣ እሳቱ ይነዳል፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ተከታይ «የጎደለው ምንድን ነው? የያዘውስ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ አዲስ መልክ ይይዛል። አራተኛው ፊልም ስድስት የኦስካር ሽልማቶችን ሲያገኝ ያስመሰገነው የእንቅስቃሴው ቅንብር ቢሆንም፣ ቅንብሩን የተሸከመው አጥንት ይህ ጥያቄ ነው።

ነገር ግን ይኸው አራተኛ ፊልም ለአፍሪካ ተመልካች ሌላ ጉዳይም ያነሣል። የቀደሙት ሦስቱ አውስትራሊያ ውስጥ የተቀረፁ ሲሆን፣ ለአራተኛው የታሰበው የአውስትራሊያ በረሃ ዝናብ ጥሎበት አበባ በማብቀሉ ቀረጻው በአመዛኙ ወደ ናሚብያ በረሃ ተዛወረ። በፊልሙ ውስጥ ግን ናሚብያ የለችም። አሸዋዋ አለ፤ ስሟና ቋንቋዋ የሉም። የአፍሪካ ምድር የዓለም ፍጻሜ መድረክ ሆኖ ተከራየ ማለት ነው። በዚያው በ2015 የወጣው «ፍርፋሪ» የሚለየውና የሚመሰገነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

የፍርፋሪው ዓለም

«ፍርፋሪ» የ68 ደቂቃ ፊልም ነው። ገፀ ባሕርያቱ የሚነጋገሩት በአማርኛ ነው። ዓለም በአንድ ታላቅ ጥፋት ካለፈች በኋላ፣ ጥቂት ሰዎች በቀድሞው ዘመን ትራፊ ዕቃዎች መካከል ይኖራሉ። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው ሰው ከፍቅረኛው ጋር ጎጆ ያደረገው በተዘጋ የቦውሊንግ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ነው። ፍቅረኛውን የምትጫወተው በኢትዮጵያ ሲኒማ ስሟ የታወቀው ሰላም ተስፋዬ ናት። በሰማይ ላይ ከረጅም ዘመን ጀምሮ የዛገ የጠፈር መንኩራኩር ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን የቆመው የቦውሊንግ መኪና በራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ሴትዮዋ ትፈራለች፤ ሰውዬው ግን መንኩራኩሩ ሊነሣ ነው፣ ወደ እውነተኛ አገሬም ይወስደኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ምክንያቱም የዚህች ምድር ሰው መሆኑን አያምንም። ከዚህ ተነሥቶ ምሥጢሩን ያውቃሉ የሚባሉትን ጠንቋይና የገና አባት ፍለጋ ጉዞ ይወጣል።

የፊልሙ ጉልበት ያለው ግን በመንኩራኩሩ ላይ ሳይሆን በዕቃዎቹ ላይ ነው። በመንገዱ ላይ የሚያገኘው ነጋዴ አሮጌ ዕቃ ይገዛል፣ ይገምታል። ከላስቲክ የተሠራ የሕፃን መጫወቻ፣ የማይክል ጃክሰን የሙዚቃ ሸክላ፣ ሌላም እንዲህ ያለ ውዳቂ በነጋዴው ፊት የከበረ ቅርስ ነው። ስለ እያንዳንዱም ዕቃ የክብር ታሪክ ይነገራል፤ ታሪኩ ግን ከመሠረቱ የተፈጠረ ነው። ሴትዮዋ በበኩሏ የአሜሪካዊውን የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የማይክል ጆርዳንን ምስል አቁማ ትጸልያለች። በአንድ ወቅት በፋብሪካ በብዛት ተመርቶ በርካሽ የተሸጠ ሸቀጥ፣ አምራቹና ገዢው ከጠፉ በኋላ ጣዖት ሆነ።

በዚህ ቦታ ተመልካች ይስቃል። ሳቁ ግን ቶሎ ወደ ራሱ ይመለስበታል። ሸቀጥ ከሠሪው እጅ ተለይቶ የራሱ ነፍስ ያለው እስኪመስል ድረስ መከበሩ ዓለም ከጠፋች በኋላ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ በየገበያው ያለ ነው። ፊልሙ ይህን በንግግር አይሰብክም። መጫወቻውን አንሥቶ ያሳያል፣ ዋጋውን ያስጠራል፣ ዝም ይላል። የሥነ ጥበብ ጭብጥ ከነገሩ ውስጥ ሲወለድ እንጂ ከላይ ሲለጠፍ እንደማያምር ለሚያስተምር መምህር ይህ ትዕይንት ጥሩ ማስረጃ ይሆነዋል።

የጀግናው ምርጫም እንዲሁ ነው። ዳንኤል ታደሰ በንግድ ፊልሞች ከሚታወቀው የጀግና ቁመና የተለየ አካል ያለው ተዋናይ ነው። ፊልሙ ይህን አካል አያስቅበትም፤ የሚያሳዝነውም አያደርገውም። ሰውዬው ይፈራል፣ ይዋሻል፣ ይራመዳል፣ ይወዳል። ከናዚዎች ወገን የሆነ አሳዳጅ ሲመጣበት የሚያመልጠው በክንዱ ብርታት አይደለም። ጀግንነት የጡንቻ ጉዳይ አለመሆኑን ፊልሙ በአንድ ተዋናይ ምርጫ ብቻ ተናግሯል።

ነቀፌታም አለበት። ፊልሙ የዓለም ፍጻሜ አድርጎ ካሳያቸው ስፍራዎች አንዱ ዳሎል ነው። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው ይህ ስፍራ በቢጫና በአረንጓዴ ቀለሙ ሌላ ፕላኔት ይመስላል። ይሁን እንጂ የዳሎል አካባቢ የዓለም ፍጻሜ ሳይሆን የሥራ ቦታ ነው። የአፋር ጨው ቆራጮች በዚያ ሙቀት ውስጥ አሞሌ ይፈነቅላሉ፤ ግመሎች ተጭነው ወደ ደጋ ይወጣሉ። ለውጭ ዓይን ባዶ የሚመስለው ምድር ለነዋሪው ደመወዝና እንጀራ ነው። ፊልሙ አማርኛን እንደ ሕያው ቋንቋ ሲያከብር፣ ምድሪቱን ግን በከፊል እንደ ፍርስራሽ ተመልክቷታል።

ከድሬዳዋ ሲታይ

ይህን ፊልም በድሬዳዋ ሆኖ የሚያይ ሰው ለጥያቄው ቅርብ ነው። ድሬዳዋ የተወለደችው ከመኪና ነው። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከቦታው ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ መስመር በከተማዋ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን ታላቅ የጥገና ፋብሪካም አቆመ። ባለሙያው ብረት ማቅለጥን፣ ማረስንና መበየድን ተማረ። የባቡር ድርጅቱ በሰው አፍ «ሸመንደፈር» ተብሎ፣ የጣቢያው አካባቢም «ለገሃር» ተብሎ የፈረንሳይኛው ቃል የከተማ ቃል ሆነ።

ያ ሐዲድ አረጀ። ባቡሩ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መመላለሱን አቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጂቡቲ ባቡር ተመረቀ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር በመሆኑ የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። እንግዲህ ለድሬዳዋ ነዋሪ «የቆመ መኪና በድንገት ቢንቀሳቀስ ምን ይሰማሃል?» የሚለው የፊልሙ ጥያቄ ቅዠት አይደለም። የቆመ ሎኮሞቲቭ አጠገብ ያደገ ልጅ ያውቀዋል። መኪና ሲቆም የሚቆመው ብረቱ ብቻ አለመሆኑን፣ ከብረቱ ጋር የእጅ ሙያ፣ የደመወዝ ቀን፣ የሠፈር ኑሮ አብሮ እንደሚቆም ከዚህች ከተማ በላይ የሚመሰክር የለም።

የነጋዴውም ትዕይንት እንዲሁ ቅርብ ነው። ድሬዳዋ «ታይዋን» እየተባለ የሚጠራ ገበያ አላት። ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ከሩቅ አገር የመጣ የኤሌክትሪክ ዕቃና ልብስ ስለሚሸጥበት የሩቁ አገር ስም ለሰፈሩ ተሰጠ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ከፊራ አለ፤ የገጠሩ ሰው ያመረተውን ይዞ የሚመጣበት። ዕቃ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሠራው ሳይታወቅ በስሙና በምልክቱ ብቻ ሲከበር የድሬዳዋ ሰው በየቀኑ ያያል፤ ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያወራውን አፈ ታሪክም ይሰማል። ስለዚህ «ፍርፋሪ» ለሮተርዳም ተመልካች እንግዳ ሕልም ቢሆን፣ ለድሬዳዋ ተመልካች የገበያ ቀን ነው። አንድ የውጭ አዘጋጅ ይህን ያህል ወደ እውነቱ መጠጋቱ የሚያስመሰግነው ነው።

ተከታዩ ፊልም

በ2019 የወጣው ፊልም ታሪኩን በ2035 በኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ይጀምራል። ዳንኤል ታደሰ አሁን የሲ.አይ.ኤ. ሰላይ ነው። የሰላዩ ስም ጋጋኖ ነው፤ ጓደኛው ደግሞ ፓልመር ኤልድሪች ይባላል፤ ይህ ስም ከአሜሪካዊው የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ ከፊሊፕ ኬ. ዲክ ሥራ የተወሰደ ነው። ሁለቱ «ሳይኮቡክ» ወደተባለ የኮምፒዩተር ዓለም ገብተው «ሶቪየት ኅብረት» የሚል ስም ያለውን ቫይረስ እንዲያጠፉ ይታዘዛሉ። በዚያ ዓለም ውስጥ ሰው የሚንቀሳቀሰው የዝነኛ ሰው ፊት የታተመበት የወረቀት ጭምብል አጥልቆ ነው። ቫይረሱ የስታሊንን ፊት ይዟል፤ ሰላዮቹም የአሜሪካ ተዋንያንን የሪቻርድ ፕራየርንና የሮበርት ሬድፎርድን ፊት ይዘዋል። ጋጋኖ ሥራውን ትቶ ከሚስቱ ጋር አዲስ ኑሮ ለመጀመር ይመኛል፤ ነገር ግን በኮምፒዩተሩ ዓለም ውስጥ ተይዞ ይቀራል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ሁለት ብርቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው የጭምብሉ ዘዴ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቀውን የኮምፒዩተር ምስል ፊልሙ በወረቀት፣ በመቀስና በተቆራረጠ እንቅስቃሴ ተክቶታል። ገንዘብ የሌለው የአማተር ክበብ ከዚህ የሚማረው ብዙ ነው፤ የሐሳብ ድህነት እንጂ የመሣሪያ ድህነት ሥራን እንደማይገድል ያያል። ሁለተኛው ልሥራም ልተውም ብሎ መምረጥ ያልቻለ ሠራተኛ ሥዕል ነው። ጋጋኖ ሊሰናበት ይፈልጋል፤ ድርጅቱ ግን አእምሮውን ሳይቀር ይዞታል። ይህ ጭብጥ በጥልቀት ቢሠራበት ኖሮ ፊልሙ ከቀዳሚው በልጦ በተገኘ ነበር።

ነገር ግን አልተሠራበትም። ጭብጡ ብቅ ባለ ቁጥር ሌላ ቀልድ ይደርብበታል፤ ከቀልዱ በላይ ሌላ ጠብ፣ ከጠቡ በላይ ሌላ ጭምብል። በ«ፍርፋሪ» እያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ነበረው፤ ሰው ተርቦ ሊሸጠው ያመጣው፣ ፈርቶ የደበቀው፣ አምኖ የጸለየበት ነበር። በተከታዩ ፊልም ግን ጭምብሉ ጭምብል ብቻ ነው። የስታሊን ፊት በሌላ ዝነኛ ፊት ቢተካ ታሪኩ የሚያጣው ቀልድ እንጂ ትርጉም አይደለም። ፋይዳ ያለው ምልክት ከቦታው ሲነቀል ሕንጻው ይናጋል፤ እዚህ ግን አይናጋም።

የቀዝቃዛው ጦርነት እዚህ ላይ መነሣቱም ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለድሬዳዋማ ከቶ አይደለም። በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ለመያዝ ሲመጣ ያሰለፋቸው ታንኮች የሶቪየት ሥሪት ነበሩ፤ በኢትዮጵያ በኩል ለከተማዋ መከላከያ ከዋሉት መካከል ደግሞ የአሜሪካ ሥሪት የሆኑ አውሮፕላኖች ነበሩ። ጥቂት ወራት ሳያልፉ ሰልፉ ተገለበጠ፤ ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባረረች፣ የሶቪየት መሣሪያም ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። በዚያው ጦርነት የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋርጦ ነበር። የኃያላኑ ጨዋታ ጭምብል የሚለዋወጡበት መሆኑን ይህች ከተማ በራሷ ላይ በወረደው እሳት ተምራዋለች። የፊልሙ ዋና ሐሳብ፣ ማለትም ወዳጅና ጠላት ፊት ብቻ ለውጠው አንድ መሆናቸው፣ ከዚህ እውነት ጋር የሚገናኝ ነበር። ፊልሙ ግን በሩ ላይ ደርሶ ሳያንኳኳ ተመልሷል። ስታሊን የሚያስቅ ፊት ሆነ፤ ከፊቱ በስተጀርባ የሞተው ሰው አልታየም።

ቋንቋና ስፍራ

የሁለቱ ፊልሞች ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በቋንቋ ነው። «ፍርፋሪ» በአማርኛ ሲናገር ተከታዩ በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ያም ድምፅ ሆን ተብሎ ከከንፈር ጋር ሳይገጥም በኋላ የተለጠፈ ነው። አዘጋጁ ይህን ያደረገው ድሮ በርካሽ ይሠሩ የነበሩትን የስለላና የካራቴ ፊልሞች ለማስታወስ መሆኑ ግልጽ ነው። እንደ ቅርፅ ሙከራ ሊከበር ይችላል። ውጤቱ ግን ከባድ ነው። ዳንኤል ታደሰ በመጀመሪያው ፊልም በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ትንፋሽና በራሱ የአነጋገር ለዛ ሰውን ፈጥሮ ነበር። ድምፁ ሲወሰድበት የቀረው አካሉ ብቻ ነው። ተመልካቹም አካሉን ከሰውነቱ ነጥሎ ማየት ይጀምራል፤ በ«ፍርፋሪ» ተወግዶ የነበረው አደጋ እዚህ ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ስፍራም ቢሆን እንዲሁ። ተከታዩ ፊልም በኢስቶኒያ፣ በኢትዮጵያ፣ በላትቪያ፣ በሮማኒያና በእስፓኝ ትብብር የተሠራ ነው። በውስጡም «ቤታ ኢትዮጵያ» የተባለች አገርና የባትማንን ልብስ የሚመስል ያጠለቀ አምባገነን መሪ አሉ። «ቤታ» በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ ገና በሙከራ ላይ ያለና ያላለቀ ሥራ ማለት ነው። ኢትዮጵያን ያላለቀች የሙከራ አገር ብሎ መሰየም ሹል ሽሙጥ ሊሆን ይችል ነበር፤ «የማን ሙከራ? ሞካሪው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ። ሳይጠየቅ ሲቀር ግን የአገሪቱ ስም የቀልዱ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የናሚብያ አሸዋ በ«ማድ ማክስ» የደረሰበት ዕጣ የኢትዮጵያን ስም በዚህ ፊልም አግኝቶታል ማለት ይቻላል።

ለተከታዩ ፊልም ጥብቅና የሚቆም ሰው «ይህ የፌዝ ሥራ ነው፤ ፌዝን በእውነታ ሚዛን መመዘን አግባብ አይደለም» ሊል ይችላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ፌዝ ጥንታዊ መሣሪያ ነው፤ የአማርኛ ቅኔም ሰምና ወርቅን ይዞ ከፌዝ ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። ነገር ግን ሰሙ የሚቀልጠው ወርቁ እንዲታይ ነው። ሰም ብቻ ተደርቦ ተደርቦ ሲመጣ፣ ቀልጦም ከሥሩ ሌላ ሰም ሲገኝ፣ አድማጩ ይደክማል። «ፍርፋሪ» ወርቅ ነበረው፤ አገሩን ሌላ ፕላኔት ላይ የሚፈልገው ሰው አገሩ በአጠገቡ የተቀመጠችው ሴት መሆኗን ማወቅ ይሳነዋል። ይህ በአንድ ጊዜ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው። ከቤቱ ርቆ አገር የሚፈልግ ስደተኛ በበዛበት ዘመን ደግሞ ትርጉሙ ከፊልሙ ያልፋል።

ምን ይከተል?

ከዚህ ንጽጽር የሚገኘው ትምህርት «የውጭ ሰው ስለ ኢትዮጵያ አይሥራ» የሚል አይደለም። በኢትዮጵያ የሲኒማ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ቀዳሚው የአማርኛ ፊልም የሆነውን «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ያዘጋጁት ግሪካዊው ላምብሮስ ጆካሪስ ነበሩ። የውጭ ባለሙያ እጅ ከጥንቱም ነበረ። ጥያቄው ያለው በጥበቡ ባለቤትነት ላይ ነው። የአገሩ ደራሲ ቃሉን ሲጽፍ፣ የአገሩ ተዋናይ በቋንቋው ሲናገር፣ ስፍራው ስሙንና ሥራውን ይዞ ሲታይ ትብብር ፍሬ ይሰጣል። «ፍርፋሪ» ወደዚህ ተጠግቶ ነበር፤ ተከታዩ ርቋል።

አፍሪካውያን ይህን ዘርፍ በራሳቸው እጅ ሲይዙት ምን እንደሚሆን ምሳሌ አለ። ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ በ2009 «ፑምዚ» የተባለ አጭር ፊልም ሠርታለች። የውሃ ጦርነት ካለፈ በኋላ ከውጭው ዓለም ተዘግቶ የሚኖር ኅብረተሰብ ሽንትና ላቡን ሳይቀር እያጣራ ሲጠጣ፣ አንዲት ሴት ሠራተኛ ዘር ተክላ ለማብቀል ትወጣለች። ፊልሙ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ነው፤ ተኩስ የለበትም ለማለት ይቻላል፤ ጥያቄው ግን ከብዙ ረጃጅም ፊልሞች ይበልጣል። ውሃ መቅዳት የሴቶች የዕለት ሸክም በሆነበት አህጉር የወደፊቱን ዘመን ከእንስራ መጀመር እንደሚቻል አሳይታለች።

ድሬዳዋም ከዚህ የተለየች አይደለችም። ለአንድ የሳይንስ ልቦለድ የሚሆን ነገር ሁሉ በውስጧ አለ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ደቻቱ የተባለ ወንዝ አላት። በወንዙ ማዶና ማዶ ከዚራና መጋላ አሉ። ስፋታቸው የማይገጥም ሁለት ሐዲዶች አሏት። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚገናኙባቸው ገበያዎች አሏት። የቆመውን መኪና ቀስቅሶ የሚያስነሣ ሽማግሌ የባቡር ባለሙያ፣ በ«ታይዋን» ከተሸጠ ስልክ ውስጥ የሚወጣ የጠፋ ሰው ድምፅ፣ ከጎርፍ በኋላ በአሸዋ ውስጥ የተገኘ የማይታወቅ ዕቃ፤ እነዚህን ለመሥራት የታሊን ጎዳና አያስፈልግም፣ የስታሊንም ጭምብል አያስፈልግም።

ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ያለ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ በየቀበሌው ያለ የኪነት ቡድንና በባህል ሥራ ላይ የተሠማራ ባለሙያ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ከወጣቶች ጋር ቢያያቸው ይጠቅማል። ከተከታዩ የሚወሰደው የእጅ ብልሃቱ ነው፤ ወረቀትን ወደ ፊት፣ ድህነትን ወደ ዘዴ መለወጡ። ከመጀመሪያው የሚወሰደው ደግሞ ዝግታው፣ ለዕቃ የሰጠው ክብደት፣ ለቋንቋ የሰጠው ክብርና ለሰው ልጅ ያለው ርኅራኄ ነው። ሦስተኛው ፊልም ይመጣ እንደሆነ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ከእነዚህ ሁለት ትምህርቶች አንዱን ጥሎ ሌላውን ብቻ እንዳይዝ ያስፈልጋል።

ፍርፋሪ የሚባለው ከማዕድ የወደቀ ነው። ማዕዱን ማን እንዳቀረበው፣ ማን እንደበላበትና ማን ከሥሩ እንደለቀመ መጠየቅ የመጀመሪያው ፊልም መልካም ጅምር ነበር። ተከታዩ ጥያቄውን ትቶ ፍርፋሪውን ራሱን በየአቅጣጫው በተነው። የቀረው ሥራ የገበታው ነው፤ እርሱም የሚዘረጋው በራስ ቤት፣ በራስ ቋንቋ ነው።